ዕቃውና ፋብሪካው አብረው ሲነደፉ

በአርት ፋኩልቲ የምንገኝ ተማሪዎች ስለ ፋብሪካ ስንነጋገር ባብዛኛው የምናነሣው ስለ ባለቤቱና ስለ ሠራተኛው፣ ስለ ደመወዙና ስለ ትርፉ ነው። የመኪናዎቹ አቀማመጥ የኢንጂኔሪንግ ተማሪዎች ፈንታ ነው ብለን እንተወዋለን። ነገር ግን አንድ ፋብሪካ ለምን ሥራ እንዳቆመ፣ ሠራተኛውም ለምን ወደ ቤቱ እንደ ተሰናበተ ወደ ኋላ ተከታትለን ብንመረምር፣ ብዙ ጊዜ የምንደርሰው ከዓመታት በፊት በአንድ የንድፍ ጠረጴዛ ላይ በተደረገ ውሳኔ ላይ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የእኛም ነው።

ጥያቄው አጭር ነው። አንድ አዲስ ዕቃ ሲታሰብ፣ መኪናዎቹ የሚታሰቡት የዕቃው ንድፍ ካለቀ በኋላ ነውን? ወይስ ዕቃውና የሚሠራበት ፋብሪካ ባንድ ጊዜ፣ ባንድ ጠረጴዛ ሊነደፉ ይገባል? ከዚህ በታች «መኪና» ስንል የሥራ መኪና ማለታችን ሲሆን፣ በመንገድ የሚሄደውን «አውቶሞቢል» እንለዋለን። ዓመተ ምሕረቱም፣ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከሄንሪ ፎርድ የበለጠ ምሳሌ አላገኘንም። ሞዴል ቲ የተባለው አውቶሞቢል በ1908 ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 850 ዶላር ነበረ። በ1913 በሃይላንድ ፓርክ ተንቀሳቃሹ የመገጣጠሚያ መሥመር ተጀመረ፤ ቀድሞ አንዱን ሻንሲ ለመገጣጠም ከ12 ሰዓት በላይ የሚፈጀው ሥራ በሚከተለው ዓመት ወደ 1 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ወረደ። እስከዚህ ያለውን በታሪክ ትምህርት ሁላችንም ሰምተነዋል። እምብዛም የማይነገረው መሥመሩን ይመግቡ ስለ ነበሩት መኪናዎች ነው። እነዚህ መኪናዎች እያንዳንዳቸው ለሞዴል ቲ አንድ ክፍል ብቻ፣ ለዚያም ክፍል አንድ ሥራ ብቻ የተሠሩ ነበሩ። ከነሱ አንዱ የሞተሩን ብሎክ ከአራት ወገን ይዞ ከአርባ የሚበልጡ ቀዳዳዎችን ባንድ ጊዜ ይበሳ ነበር። በእጁ ትራፓን ይዞ አንድ ብረት የበሳ ሰው ይህ ምን ያህል ጉልበትና ጊዜ እንደሚያተርፍ ይገባዋል። በ1920ዎቹ አጋማሽ የሞዴል ቲ ርካሹ ዓይነት ከ300 ዶላር በታች የተሸጠውም ስለዚሁ ነው።

ግን ይህንኑ መኪና በሌላ ወገን እንመልከተው። አርባውም መሰርሰሪያዎች በየቦታቸው ተተክለዋል። ንድፍ አውጪው አንዲቱን ቀዳዳ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ጐን ላዛውር ቢል፣ መኪናው ተፈትቶ እንደ ገና መሠራት አለበት። እንግዲህ ሞዴል ቲን የሚያዝዘው ንድፍ አውጪው መሆኑ ቀርቶ መኪናው ሆነ ማለት ነው።

ገዢዎቹ ግን አላረፉም። ሙሉ በሙሉ የተዘጋ፣ ልዩ ልዩ ቀለም ያለው፣ ለመንዳትም የሚቀል አውቶሞቢል መሻት ጀመሩ፤ ጄኔራል ሞተርስም ይህን ያቀርብላቸው ነበር። ፎርድ እስከ መጨረሻው ሰዓት ታገሠ። በሜይ 26 ቀን 1927 ዐሥራ አምስት ሚሊዮነኛው ሞዴል ቲ ከፋብሪካ ወጣ፤ ሥራውም እንዲቆም ተወሰነ። በዚያን ጊዜ የሚተካው የሞዴል ኤ ንድፍ ገና አላለቀም ነበር! አዲሱ አውቶሞቢል ከ5 ሺህ በላይ ክፍሎች ነበሩት፤ አብዛኞቹም ከቀድሞው ጋር ምንም ዝምድና የሌላቸው ነበሩ። ስለዚህ መኪናዎቹ አንዳንዶቹ ተጣሉ፣ አንዳንዶቹ ታደሱ፣ ብዙዎቹም ከአዲስ ታዘዙ። ሞዴል ኤ ለሕዝብ የታየው በዲሴምበር 2 ቀን 1927 ነው። በመካከሉ ስድስት ወር ያህል አልፏል፤ የዚያ ዓመት የሽያጭ አንደኝነትም ወደ ሼቭሮሌ ሄዷል።

ፎርድ ባለጠጋ ነበርና ኪሣራውን ቻለው። በዲትሮይት የነበሩት በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሠራተኞች ግን የሚችሉበት ነገር አልነበራቸውም። ስድስት ወር ያለ ደመወዝ መቀመጥ ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት እንደ ሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልገንም። እነዚህ ሰዎች ያጠፉት ጥፋት አልነበረም፤ ሥራቸውንም ያሳጣቸው የአውቶሞቢል ፈላጊ መጥፋት አይደለም። ያስቀመጣቸው የአንድ ዕቃ ንድፍ ከአንድ ፋብሪካ ጋር እንዳይላቀቅ ሆኖ መጣበቁ ነው።

ከዚህ የምናወጣው ፍርድ የፎርድ መሐንዲሶች ሞኞች ነበሩ የሚል አይደለም። ያዘዟቸው መኪናዎች የታዘዙትን ሥራ በሚገባ ፈጽመዋል። ጥፋቱ «ይህ ዕቃ ሲለወጥስ?» የሚለው ጥያቄ መኪናዎቹ ሲታዘዙ አለመጠየቁ ነው። በዴንማርክ ተወልዶ ፎርድ ዘንድ ሠርቶ በ1921 የወጣው ዊልያም ክኑድሰን ግን ወደ ሼቭሮሌ ሲሄድ ይህን ጥያቄ ይዞ ሄደ። በሼቭሮሌ ለአንድ ሥራ ብቻ የሚያገለግሉትን መኪናዎች ቀንሶ፣ ተስተካክለው ለሌላ መጠን ሊያገለግሉ የሚችሉትን አበዛ። ሼቭሮሌ ለ1929 ሞዴል ከአራት ሲሊንደር ሞተር ወደ ስድስት ሲሊንደር ሲዛወር፣ ለውጡ የወራት ሳይሆን የሳምንታት ጉዳይ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ሰዎች ለዚሁ ችግር ሁለተኛ መድኀኒት አገኙ። በ1952 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በቍጥር የሚታዘዝ የብረት መፋቂያ መኪና ለዕይታ ቀረበ፤ በኋላም ኮምፒዩተር ተጨመረበት። ዛሬ በየትም አገር ባለው ትልቅ የብረታ ብረት ፋብሪካ የምናየው ይህ ነው። ፕሮግራሙን ለውጠው አንዱን መኪና ዛሬ ይህን፣ ነገ ያን ያሠሩታል። ታዲያ ችግሩ አለቀ? አላለቀም። ይህ ዓይነቱ መኪና ውድ ነው፤ ባንድ ጊዜ የሚሠራውም ባንድ መሣሪያ ብቻ ስለ ሆነ፣ አርባውን ቀዳዳ አንድ በአንድ ይበሳል። ደግሞም ባለቤቱ የሚከፍለው ሊሠራባቸው ለሚችሉት ሥራዎች ሁሉ ሲሆን፣ ብዙዎቹን በዕድሜው አይሠራባቸውም። ለአንድ ሰው ምሳ የሠርግ ድንኳን እንደ መትከል ነው።

ሦስተኛው ሐሳብ በሁለቱ መካከል የሚቆም ነው። በ1996 በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ፣ በብሔራዊው የሳይንስ ፋውንዴሽን ርዳታ፣ ለዚሁ ጥናት የተለየ ማእከል ተቋቋመ፤ መሪው ፕሮፌሰር ዮራም ኮረን ነበረ። በ1999 ኮረን ከጀርመን፣ ከኢጣልያ፣ ከጃፓንና ከቤልጅግ ባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ ባወጣው ጽሑፍ ሐሳቡ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ ታወቀ። እኛ «ዳግም የሚዋቀር ፋብሪካ» ብንለው ይሻላል። ፋብሪካው ማንኛውንም ዕቃ እንዲሠራ አይጠየቅም፤ አንድ የታወቀ የዕቃ ቤተሰብ ተመርጦ ለዚያ ቤተሰብ ብቻ ይዘጋጃል። ሆኖም መኪናዎቹም ሆኑ መሥመሩ እየተፈቱ የሚገጠሙ ስለ ሆኑ፣ የገበያው መጠን ሲጨምር ፋብሪካው ያድጋል፤ ከቤተሰቡ አዲስ ልጅ ሲወለድም ቅርጹን ይለውጣል።

ማእከሉ ለምሳሌ ያህል ያሠራው አንድ መኪና ቅስት የመሰለ ቅርጽ አለው። መቍረጫው በቅስቱ ላይ ተንቀሳቅሶ በአምስት ቦታ ይቆማል፤ ከነዚህ አንዱ ቀጥ ያለው ሲሆን የቀሩት በ15 ዲግሪ እየተራራቁ እስከ 45 ዲግሪ ይደርሳሉ። ይህ የሆነበት ምክንያት የሞተር ክዳኖች የተዘነበለ ገጽ ስላላቸውና ዝንባሌውም ከሞተር ሞተር ስለሚለያይ ነው። መኪናው ዓለምን ሁሉ አይቈርጥም፤ በነዚያ አምስት ዝንባሌዎች የተነደፈውን ብቻ ይቈርጣል።

«ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» ሲባል እየሰማን ያደግን ነንና ይህን ስናነብ ፈገግ ማለታችን አልቀረም። ለወጡ ጣዕም ተረቱ እውነት ነው። ነገር ግን ድስቱ ሲለወጥ ጉልቻውን የማታጠጋጋ ወይም የማታራርቅ ባለሙያ ማን ናት? ሦስቱ ድንጋዮች በሲሚንቶ ቢጣበቁ ኖሮ በየድስቱ መጠን አንድ ምድጃ መሥራት ባስፈለገን ነበር። እንግዲህ ፎርድ ጉልቻውን በሲሚንቶ አጣበቀው ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። እንዲህ ያለው ፋብሪካ ዕቃው ተነድፎ ካለቀ በኋላ ሊታቀድ የማይችልበት ምክንያት ምንድን ነው? በፈጠራ ምሳሌ እናስረዳ። አንድ ድርጅት ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ የውኃ ፓምፕ ሊሠራ አሰበ እንበል። ንድፍ አውጪው ሦስቱን በየብቻቸው፣ እያንዳንዱንም በተቻለ መጠን ቀላልና ርካሽ አድርጎ ይነድፋል። የትንሹ ብረት በሁለት ጆሮዎቹ ይያዛል፤ መካከለኛው ጆሮ የለውም፤ የትልቁ የውኃ መግቢያ በ37 ዲግሪ ያዘነበለ ነው። እያንዳንዱ ንድፍ ለብቻው ሲታይ እንከን የለውም። ወደ ፋብሪካው ሲወርድ ግን ለሦስቱ ሦስት ዓይነት ማስያዣ ሊሠራ ነው፤ በየለውጡ ሞርሳው ይፈታል፣ መኪናው እንደ ገና ይለካል፣ የመጀመሪያዎቹ ብረቶችም ይበላሻሉ። ስለ 37 ዲግሪውማ አዲስ መኪና መግዛት ሊያስፈልግ ነው።

የመኪናዎቹ ዐቃጅ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ቢቀመጥ ኖሮ ምን ይጠይቅ ነበር? በሦስቱም ፓምፖች ሥር አንድ ዓይነት ጠፍጣፋ ገጽ፣ በገጹም ላይ ርቀታቸው እኩል የሆነ ሁለት ቀዳዳዎች እንዲኖሩ ይለምናል። ሦስቱም በዚያው ይያዛሉ። «37 ዲግሪውን 30 ብታደርገው ውኃው ይቀየማልን?» ይለዋል። አንዳንድ ጊዜ የንድፍ አውጪው መልስ «አዎን፣ ይቀየማል፤ ግፊቱ ይቀንሳል» ይሆናል፤ ያን ጊዜ መኪናው ለዕቃው ይታዘዛል። ብዙ ጊዜ ግን 37 የመጣው ለወረቀቱ ስለ ተስማማ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ዕቃው ለመኪናው ይታዘዛል። ይህ ክርክር በወረቀት ላይ ሳለ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ ብረት ከሆነ በኋላ ግን የወራት ነው።

ስለ መጠንም እንዲሁ ነው። አንዱን ፓምፕ መፋቅ 20 ደቂቃ ይፈጃል፣ ፋብሪካውም በቀን 16 ሰዓት ይሠራል እንበል። 960 ደቂቃ ለ20 ሲካፈል 48 ነው፤ አንድ መኪና በቀን 48 ፓምፕ ይሠራል ማለት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ገበያው በቀን 140 ቢሻ ሦስት መኪናዎች ይበቃሉ። ሻጮቹ ግን በአምስተኛው ዓመት 380 እንደሚሆን ይምላሉ፤ ይህ ስምንት መኪና ይጠይቃል። (ሻጭ ስለ ወደፊቱ ሲምል ማመን ኃጢአት ባይሆንም ሞኝነት ነው።) ስምንቱን ዛሬ ብንገዛ አምስቱ አቧራ ይጠጣሉ። ሦስት ብቻ ገዝተን አዳራሹን በሦስቱ ልክ ብንሠራው ደግሞ በአምስተኛው ዓመት ግድግዳ እናፈርሳለን። ዳግም የሚዋቀር ፋብሪካ ዐቃጅ ሦስት መኪና ይገዛል፤ መሠረቱን፣ የኤሌክትሪኩን መሥመርና ዕቃ የሚያመላልሰውን ሐዲድ ግን ለስምንቱም ያዘጋጃል።

መኪናዎቹ የሚቆሙበት ሥርዓትም ትልቅ ነገር ነው። ሦስቱን በአንድ ረድፍ አከታትለን ሥራውን ብንከፋፍላቸው እያንዳንዳቸው 6 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ይሠራሉ፤ መሣሪያም ጥቂት ይበቃቸዋል። ነገር ግን አንዱ ሲበላሽ ሦስቱም ይቆማሉ፤ አራተኛ መኪና ስንጨምርም ሥራው እንደ ገና ለአራት መከፋፈል ይኖርበታል፤ ሥራ ደግሞ እንደ ዳቦ በተፈለገበት አይቈረጥም። ጐን ለጐን አቁመን እያንዳንዱ ሙሉውን ፓምፕ እንዲሠራ ብናደርግ አንዱ ሲበላሽ ሁለቱ ይቀጥላሉ፤ አራተኛው ሲጨመር ምንም ሳይናወጥ 48 ይጨምራል፤ ነገር ግን ሁሉም መሣሪያ ለየአንዳንዱ መኪና ሊገዛ ነው። ባለሙያዎቹ ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ድብልቁን፣ ማለት ሥራውን በጥቂት ደረጃዎች ከፍሎ በየደረጃው ብዙ መኪናዎችን ጐን ለጐን ማቆምን ነው። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነውም ዞሮ ዞሮ የዕቃው ንድፍ ነው፤ በሁለት አያያዝ የሚያልቅ ዕቃና አምስት ጊዜ መገለባበጥ ያለበት ዕቃ አንድ ዓይነት ረድፍ አይሠራላቸውም።

ኮረንና ባልንጀሮቹ እንዲህ ላለው ፋብሪካ ስድስት ጠባዮችን ይዘረዝራሉ። ሁሉን ማተት አያስፈልገንም፤ ከሰዎች ሁሉ የሚረሳው ግን የመጨረሻው፣ ማለትም ስሕተትን ቶሎ የማወቅ ጠባይ ይመስለናል። ፋብሪካ እንደ ገና ከተዋቀረ በኋላ በማግሥቱ ደኅና ዕቃ አያወጣም። አንዱ መኪና በፀጉር ያህል ስቶ ይቆማል፤ የሁለተኛው ስሕተት በዚያ ላይ ይጨመራል፤ ጉድለቱም የሚታየው በመጨረሻው መገጣጠሚያ ላይ ነው። መለኪያው በመሥመሩ መካከል ከሌለ ጥፋተኛውን መኪና ለማግኘት ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ «በየዓመቱ ፋብሪካዬን አዋቅራለሁ» የሚል ሰው፣ ከተዋቀረ በኋላ ለመስተካከል ስንት ቀን እንደሚወስድበት ካልነገረን ምንም አልነገረንም።

ይህን ሁሉ ብለን ሐሳቡ በሁሉ ዘንድ ድል አድርጓል ብንል ግን እንዋሻለን። ጥቅምም ዋጋም ያለው ነገር ነው፤ ይህንንም በጀርመን አገር ሁለት ፋብሪካዎች ማየት ይቻላል።

ቢ ኤም ደብልዩ በ2021 በሙኒክ ፋብሪካው አይ 4 የተባለውን የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል መሥራት ሲጀምር፣ ባለ ሞተሮቹ አውቶሞቢሎች በሚያልፉበት በዚያው መሥመር ላይ ነበረ። ገበያው ወደየት እንደሚያዘነብል ባልታወቀበት ጊዜ ይህ ብልኅነት ነው። ግን ነፃ ስጦታ አይደለም፤ አንዱ አካል ሁለቱንም ሊሸከም ስለ ተነደፈ፣ ለኤሌክትሪክ ብቻ ቢነደፍ ኖሮ ለባትሪው ሊመች የሚችለው ወለል ለሌላውም ቦታ መተው ነበረበት። በዚህ ምሳሌ የፋብሪካውን ተለዋዋጭነት የከፈለው ዕቃው ነው።

ፎልክስዋገን ደግሞ በጽቪካው ከተማ ሌላውን መንገድ መረጠ። 1.2 ቢሊዮን ዩሮ ያህል አውጥቶ፣ ለኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ብቻ አዲስ የሻንሲ ቤተሰብ ነድፎ፣ ፋብሪካውንም ለዚያው ቤተሰብ አዘጋጀ። በ2019 መጨረሻ የመጀመሪያው አይ ዲ 3 ተሠራ፤ በጁን 2020 የመጨረሻው ባለ ሞተር አውቶሞቢል ወጣ። እዚህ ላይ ከፎርድ ጋር ያለውን ልዩነት እናድንቅ፤ ፋብሪካው ተዘግቶ ሠራተኛው አልተበተነም፤ መሥመሮቹ በተራ በተራ ተለወጡ፤ ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞችም ለአዲሱ ሥራ ሠለጠኑ። ዕቃውና ፋብሪካው አብረው ስለ ታቀዱ የተገኘ ውጤት ነው። ነገር ግን ፋብሪካው በዓመት እስከ 330 ሺህ አውቶሞቢል ሊሠራ ሲዘጋጅ፣ ገዢው በታሰበው ፍጥነት አልመጣም፤ በ2023 የጊዜያዊ ሠራተኞች ውል ሳይታደስ መቅረት ጀመረ። ቤተሰቡ አንድ ብቻ ስለ ነበረ ወደ ሌላ መዞሪያ አልነበረም። እንግዲህ አብሮ ማቀድ ብቻውን አይበቃም፤ የቤተሰቡ ስፋት እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ መወሰኑ ከሁሉ የከበደው ነገር ነው። ለዚህ ደግሞ ቀመር የለውም፤ ግምት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ቅርብ ምሳሌ አለን። በ2012 ዓ. ም. (እንደ እኛ አቈጣጠር) የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ፣ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች አንዳንዶቹ ያፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ወደ መስፋት ዞሩ። ይህን አይተው «የእኛ ፋብሪካ በቀላሉ ይለወጣል» ያሉ ነበሩ። እኛ ግን ለዚህ ምስጋናው ለስፌት መኪናው ነው እንላለን። የስፌት መኪና መሥመሩን በራሱ አያውቅም፤ መሥመሩን የምታውቀው የሰፊዋ እጅ ናት። ጨርቁ ሲለወጥ እጅዋ ትለወጣለች። በስታምፖ የሚጨፍን፣ በሻጋታ የሚቀልጥ፣ በቶርኖ የሚፋቅ ሥራ ግን እንዲህ አይደለም፤ ዕውቀቱ በብረቱ ውስጥ ገብቶ ተቈልፏል።

ስለዚህ ያገለገለ ሙሉ የማምረቻ መሥመር በርካሽ ዋጋ ሲቀርብ መጠየቅ ያለበት ነገር አለ። የረከሰው መኪናዎቹ ስላረጁ ነውን? ወይስ የሚሠሩት ዕቃ ስለ ሞተ? መኪና ሊታደስ ይችላል፤ ለአንድ የሞተ ዕቃ ብቻ የተሠራ መሥመር ግን ከሸቀጡ ጋር ሞቷል። መሥመሩ አዲስ ሲሆንም ስንት ዓይነት ዕቃ እንደሚይዝ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዞር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ አንድ መኪና ቢጨመር ማን እንደሚያገናኘው በውሉ ውስጥ በቍጥር ሊጻፍ ይገባል። በውል ላይ የምናየው ብዙ ጊዜ «በሰዓት ይህን ያህል ያመርታል» የሚለው ብቻ ነው።

ከነዚህም ሁሉ አንዲት ትንሽ ነገር ትቀድማለች፤ እሷም የመኪናው ፕሮግራም ነው። ዛሬ ብዙዎቹ መኪናዎች በሻጩ ቁልፍ የተዘጋ ፕሮግራም ይዘው ይመጣሉ። ብረቱን የእኛ ሰዎች ፈትተው ሊገጥሙት ይችሉ ይሆናል፤ አዲሱን አቀማመጥ ለመኪናው ለመንገር ግን የሻጩ ቴክኒሺያን በአውሮፕላን እስኪመጣ መጠበቅ ይኖርባቸዋል፤ እስኪመጣም ድረስ መሥመሩ ቆሞ ይጠብቃል፤ የሠራተኛው ቀን ግን እየተቈጠረ ነው።